ወዝና ጭስ

ደራሲው ለሬዲዮ ተከታታይ የወንጀል ድራማ ይጽፋል። መርማሪዋ አክስቱ ናት፤ በወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ የአሻራ ክፍል ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። አዲሱን ክፍል እንድታይለት ሰጥቷት ነበር፤ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰለት።

ደራሲው፦ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ቀይ ምንድን ነው? የፊደል ግድፈት ነው ብዬ ልጽናና?

መርማሪዋ፦ ፊደልህ ደህና ነው። መርማሪህ ነው ያስቸገረኝ። የተገደለው ነጋዴ ቤት ገባ፤ ብርጭቆውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ ቢሮው ሄዶ «ኬሚካል ነፋበት»፤ ወዲያው አሻራ ቦግ አለ፤ ከዚያ «ገዳዩ ሾፌሩ ነው!» ብሎ ጮኸ። ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ። እኔ ብሆን ሰውዬውን ከሥራ አግደው ነበር።

ደራሲው፦ መሐረቡ ምን አጠፋ? ፊልም ላይ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋሉ።

መርማሪዋ፦ መሐረብ መወልወያ እኮ ነው። ብርጭቆው ላይ የቀረው የጣት ወዝ ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ በጨርቅ ጫፍ የሚጠፋ። ገዳዩ መወልወሉን ቢረሳ መርማሪህ ወለወለለት። ብርጭቆ በጠርዙና በመቀመጫው ይያዛል፤ ካርቶን ውስጥ ጎኑ ምንም ሳይነካው እንዲቆም ተደርጎ ይታሰራል። ኪስ የሚባል ነገር የለም።

ደራሲው፦ እሺ፣ ካርቶን። ኬሚካሉስ? «ነፋበት» ማለቴ ስህተት ነው?

መርማሪዋ፦ የትኛውን ኬሚካል? ምን ላይ? አሻራው ከምን የተሠራ ነው? መጀመሪያ እሱን ጠይቅ።

ደራሲው፦ ከላብ ነዋ።

መርማሪዋ፦ ከላብም፣ ከቅባትም። ላብ 98 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። የቀረው ጨው፣ ላክቲክ አሲድ፣ ዩሪያ፣ አሚኖ አሲድ ነው፤ መጠኑ እጅግ ጥቂት። መዳፍና የውስጥ እግር ላይ ደግሞ የቅባት ዕጢ የለም። ጣት ቅባት የሚያገኘው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከግንባር፣ ከአፍንጫ፣ ከጸጉር። ሰው ሳያስበው ፊቱን ሲደባብስ ነው የሚውለው። ቅቤ የተቀባች ሴት ጸጉሯን ነካ አድርጋ መስታወት ብትይዝ አሻራዋን ያለ ምንም ኬሚካል ታየዋለህ። እጁን በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ዕቃ ያነሳ ሰው ግን የሚተወው ላብ ብቻ ነው። አንዱ ጭስ ቅባቱን ነው የሚፈልገው፤ ሌላው የላቡን ቅሪት። ይህን ሳትለይ ብታጥን ዕቃውን ታበላሸዋለህ።

ደራሲው፦ ማጠን ነው የምትሉት?

መርማሪዋ፦ ሌላ ምን እንበለው? ሣጥን ውስጥ ትዘጋበትና ታጥነዋለህ። የጭሶቹ ሁሉ ታላቅ አዮዲን ነው። እንቅርት እንዳይወጣ ጨው ውስጥ የሚገባው ንጥረ ነገር። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገርህ፤ በ1811 ቤርናር ኩርቷ የሚባል ፈረንሳዊ ነው ያገኘው። ለባሩድ የሚሆን ጨው ያመርት ነበር፤ ጊዜው የናፖሊዮን ጦርነት ነው። የባሕር አረም አመድ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ቢያበዛበት ሐምራዊ ጭስ ተነሣ። ጭሱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ የሚያብረቀርቅ ጥቁር እህል ሆኖ ይቀመጣል። ትንሽ ስታሞቀው ደግሞ ፈሳሽ ሳይሆን እንደገና ይተናል።

ደራሲው፦ ይሄ ለድራማ ጥሩ ነው። ሐምራዊ ጭስ።

መርማሪዋ፦ ለሬዲዮ ቀለሙ ምን ያደርግልሃል? ይልቅ ታሪኩን ስማ። በ1863 ፓሪስ ውስጥ በቫል ደ ግራስ ወታደራዊ ሆስፒታል የሚሠራ ፖል ዣን ኩሊዬ የሚባል ኬሚስት ነበር። ሐሰተኛ ሰነድ ነው የሚያሳስበው፤ የተፋቀና የተነካካ ጽሑፍ ለመለየት ወረቀት በአዮዲን ያጥን ነበር። ሲያጥን የፋቁት ቦታ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን የያዙት ጣቶችም እየወጡ ታዩት። በማጉያ መነጽር ቢታዩ የማን እንደሆኑ ሊታወቅ እንደሚችልም ጻፈ።

ደራሲው፦ በ1863? የለንደኑ ስኮትላንድ ያርድ የአሻራ ቢሮ የተከፈተው መቼ ነበር?

መርማሪዋ፦ በ1901። ወደ አርባ ዓመት ገደማ በመሐል አለፈ።

ደራሲው፦ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አልሰማውም ማለት ነው?

መርማሪዋ፦ ቢሰማውስ ምን ያደርገዋል? አሻራውን ከወረቀቱ አወጣህ፤ ከማን ጋር ታስተያየዋለህ? የሺህ ሰው አሻራ መዝግበህ፣ ከፋፍለህ፣ ስትፈልግ ቶሎ የምታገኝበት ዘዴ ከሌለህ ያወጣኸው አሻራ ጥሩ ሥዕል ነው፣ በቃ። ያ ዘዴ የመጣው ኋላ ነው። አርጀንቲና ውስጥ ቩሴቲች የራሱን ሠራ፤ በ1892 እሱ በነበረበት ግዛት ልጆቿን የገደለች እናት በበር ላይ በቀረ የደም አሻራ ተያዘች። በእንግሊዝ ግዛት የነበረው ዘዴ ሕንድ ውስጥ፣ ቤንጋል ነው የተሠራው። «የሄንሪ አከፋፈል» ይሉታል። ሂሳቡን ቀምረው ያወጡት ግን በኤድዋርድ ሄንሪ ሥር የነበሩት አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦዝ ናቸው። አለቃ ስሙን ወሰደ፤ የትም ያለ ነገር ነው፣ ቢሆንም ያናድደኛል።

ደራሲው፦ ወደ ጭሱ እንመለስ። አዮዲን ምን ያደርጋል?

መርማሪዋ፦ ትነቱ ቅባቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የአሻራው ሸንተረር ወደ ቢጫ ያደላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቀለም አልሆነም፤ ለጊዜው ማረፉ ነው። ወረቀቱን ከሣጥኑ አውጥተህ ብትተወው መልሶ ይተንና ይጠፋል። ስለዚህ ካሜራ አጠገብህ ካልቆመ አትጀምርም። ማቆየት ከፈለግህ ስታርች ትረጭበታለህ፤ ሰማያዊ ይሆናል። ትምህርት ቤት ድንች ላይ አዮዲን ጠብ አድርጋችሁ አይደል? ያው ነው። ቤንዞፍሌቮን የሚባል ኬሚካልም አለ፤ እሱ የበለጠ ያቆየዋል። ግድግዳ ላይ ላለ አሻራ ደግሞ የመስታወት ቱቦ አለ፤ ውስጡ የአዮዲን ፍሬ አለበት፤ በአንደኛው ጫፍ ትንፋሽህን ትሰጠዋለህ፤ በትንፋሽህ ሙቀት ትነቱ በሌላው ጫፍ ይወጣል። እርጥበቱን የሚይዝ ኬሚካል በአፍህ በኩል ይደረጋል።

ደራሲው፦ እንዲያውም «ነፋበት» ትክክል ኖሯል!

መርማሪዋ፦ ለዚህኛው። ግን ወደ ውስጥ የሳበ ሰው በሳንባው ይከፍላል፤ አዮዲን ብረት የሚበላ ነገር ነው። ያንተ ሰው ሲጋራ በአፉ ይዞ ነው የሚነፋው። ሲጋራውን አጥፋልኝ።

ደራሲው፦ ጠፋ። ይሄ መልሶ የሚተን ነገር ግን ደካማ ነው፤ ለፍርድ ቤት ምን ይይዛሉ?

መርማሪዋ፦ ፎቶውን። ደግሞ እኔ ድካም አልለውም። ወጥቶ ስለሚሄድ ለሚቀጥለው ዘዴ ቦታ ይለቃል። ወረቀት ከሆነ ከአዮዲን በኋላ ኒንሃይድሪን ትሞክራለህ፤ እሱ የሚፈልገው የላቡን አሚኖ አሲድ ነው፤ ሐምራዊ ያደርገዋል። ሩሄማን የሚባል ኬሚስት በ1910 አገኘው፤ ለአሻራ እንደሚሆን ሁለት ስዊድናውያን የጻፉት በ1954 ነው። ይሄ ግን ይነከራል ወይም ይረጫል፤ የኛ ጨዋታ ስለ ጭስ ስለሆነ እንለፈው። ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዝ፤ ቀድሞ የሚመጣው ትንሽ የሚያጠፋው ነው። በኒንሃይድሪን ነክረህ ስታበቃ «እስቲ አሁን አዮዲን» ብትል ቅባቱ ታጥቦ ሄዷል።

ደራሲው፦ የኔ ግን ብርጭቆ ነው። አንድ ፌስታልም አለ፤ ክፍል ስድስት ላይ ገንዘቡ የተጠቀለለበት።

መርማሪዋ፦ ብርጭቆ፣ ፌስታል፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ሽጉጥ፤ ፈሳሽ የማይመጥ ነገር ሁሉ የሱፐር ግሉ ሥራ ነው።

ደራሲው፦ ሱቅ የሚሸጠው? ጣት አጣብቆ የሚያስለቅሰው?

መርማሪዋ፦ እሱው። ሲፈጠር ማንም አልፈለገውም። በ1942 አሜሪካ ውስጥ የኮዳክ ኩባንያ ኬሚስት ሃሪ ኩቨር ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይፈልግ ነበር። ሳያኖአክሪሌት፣ ዛሬ ሱፐር ግሉ የምንለው፣ የነካው ሁሉ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረውና ተወው። በ1951 እዚያው ኩባንያ፣ ቴነሲ ውስጥ፣ ፍሬድ ጆይነር የሚባል ባልደረባው የብርሃን መታጠፍ መለኪያ መሣሪያ ሁለት መስታወቶች መሐል ጠብ ቢያደርገው መሣሪያው ተጣብቆ ቀረ። ውድ ዕቃ አበላሸሁ ብሎ ደነገጠ። ኩቨር ያኔ ነው ይሄ ማጣበቂያ ነው ያለው። በ1958 ገበያ ወጣ።

ደራሲው፦ አሻራው ላይስ ማን አዋለው?

መርማሪዋ፦ ጃፓን። በ1977፣ ሳጋ ግዛት የፖሊስ ላቦራቶሪ። አንድ የታክሲ ሾፌር ተገድሏል። ፉሴኦ ማትሱሙራ የሚባል ባለሙያ ከቦታው የተሰበሰበ ጸጉር በማይክሮስኮፕ ለማየት በሱፐር ግሉ መስታወት ላይ ይለጥፋል። ሲለጥፍ መስታወቱ ላይ ነጭ መስመሮች ወጡ። ቀረብ ብሎ ቢያይ የራሱ ጣት ነው።

ደራሲው፦ የራሱ! ሌላ ሰው ሲፈልግ ራሱን አገኘ። ይህንን መውሰድ እችላለሁ?

መርማሪዋ፦ ውሰደው። አንተ እሱን ወደድህ፤ እኔ የምወደው ከዚያ ያደረገውን ነው። መስታወቱን ጠርጎ ሌላ ማምጣት ይችል ነበር፤ እኔ ከማውቃቸው ባለሙያዎች ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ «ቆሸሸ» ብለው። እሱ የአሻራ ባለሙያ አይደለም፤ የጸጉር ሰው ነው። የአሻራ ባለሙያ ለሆነው ለማሳቶ ሶባ ሄዶ አሳየው። ሶባ በ1978 ዘዴውን ሠራ። ጃፓን ውስጥ የአሜሪካ ጦር የወንጀል ላቦራቶሪ ነበረው፤ እነሱ አይተው ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ።

ደራሲው፦ ማጣበቂያ እንዴት ጭስ ይሆናል? ይደርቃል እንጂ።

መርማሪዋ፦ ሱፐር ግሉ ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ጥቃቅን ነጠላ ሞለኪውሎች ነው። እርጥበት ወይም ቀለል ያለ ቤዝ ሲያገኝ ሞለኪውሎቹ አንዱ አንዱን እየያዘ ሰንሰለት ይሠራሉ፤ መድረቅ የምንለው እሱ ነው። ስታሞቀው ነጠላዎቹ ይተናሉ፤ ሣጥኑን ይሞሉታል። የጣት ቅሪት ያለበት ሸንተረር ላይ ሲያርፉ ላቡ ውስጥ ያለው ላክቴትና እርጥበት ሰንሰለቱን ያስጀምረዋል። ባዶው ብርጭቆ ላይ የሚያስጀምር የለም። ስለዚህ ሸንተረሩ ላይ ብቻ ነጭ ጠጣር ነገር እየተቆለለ ይሄዳል። ላስቲክ እንደለበሰ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ በጣት ብትነካው ቶሎ አይለቅም።

ደራሲው፦ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የኔ ሰው ቸኩሏል።

መርማሪዋ፦ አየህ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ የጻፍሁብህ። አሁን ለዚሁ የተሠራ ካቢኔት አለ። በፊት የዓሣ ገንዳ ገልብጠው ነበር የሚሠሩት። ዕቃውን ውስጥ ትሰቅለዋለህ፤ ሁሉም ጎኑ ክፍት እንዲሆን። ሙጫውን በአልሙኒየም ሳህን ጥቂት ጠብታ ታደርግና 120 ዲግሪ ገደማ ታሞቀዋለህ። እርጥበቱ 80 በመቶ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ይወጣል፤ ካቢኔት ከሌለህ የሞቀ ውሃ በኩባያ ታስቀምጣለህ። አንድ ትንሽ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ የራስህን ጣት አሳርፈህ በመስታወቱ በኩል በምታይበት ቦታ ትለጥፋለህ። እሱ ነው ሰዓትህ። እሱ ነጣ ማለት ሲጀምር ቡና ሲፈላ የጀበናውን አንገት እንደምትጠብቀው ዓይንህን ሳትነቅል ትጠብቃለህ። ወጣ ስትል ታጠፋዋለህ።

ደራሲው፦ ትንሽ ብጨምርለት የበለጠ አይደምቅም?

መርማሪዋ፦ ሁሉም ጀማሪ የሚለው ነው። ከበዛ ትነቱ ሸንተረሩን አልፎ ባዶው ቦታ ላይም ማረፍ ይጀምራል። በመስመሮቹ መሐል ያለው ሸለቆ ይሞላል። ዕቃው ሁሉ ነጭ ይሆንና አሻራው እዚያው ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ የሚመልሰው የለም፤ ብትፍቀው አሻራውም አብሮ ይሄዳል። ያነሰ ከሆነ ግን መዝጋትና እንደገና ማጠን ትችላለህ። እኔ ሁልጊዜ ደብዘዝ ሲል ነበር የማጠፋው፤ አለቆቼ «ፈራሽ» ይሉኝ ነበር። ደብዛዛውን የሚያደምቅ ሌላ መንገድ አለ። የሚያበራ ቀለም ትቀባዋለህ፤ ቤዚክ የሎው 40 ወይም ሮዳሚን፤ ቀለሙ ነጩ ነገር ላይ ይይዛል፤ የተረፈውን ታጥበዋለህ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብርሃን ትሰድና ባለቀለም መነጽር አድርገህ ታያለህ። ያኔ ነው ያንተ «ቦግ» የሚመጣው። ነጭ ፌስታል ላይ ነጭ አሻራ ያለዚህ ማንም አያየውም።

ደራሲው፦ እዚህ ላይ የላብ ቅሪት ከደረቀ ምን ይሆናል?

መርማሪዋ፦ ጥሩ ጠየቅህ። የቆየ አሻራ ውሃው ስለሚሄድ ሱፐር ግሉ ብዙም አይይዝለትም። እርጥበት መልሰህ ለመስጠት ትሞክራለህ፤ አንዳንዴ ይሳካል። ካልሆነ ውድ የሆነ ሌላ ዘዴ አለ፤ አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ወርቅ ታተናለህ፤ ከዚያ ዚንክ። ወርቁ ሁሉም ላይ በስሱ ያርፋል፤ ግን ቅባቱ ላይ ያረፈው ሰምጦ ይገባል። ዚንክ ደግሞ ወርቅ ከላይ ካላገኘ አይቀመጥም። ስለዚህ ፌስታሉ ሁሉ ዚንክ ለብሶ አሻራው ብቻ ባዶ ሆኖ ይታያል። ውሃ ውስጥ የቆየ ፌስታል ላይ ሳይቀር ይሠራል።

ደራሲው፦ ወርቅ ለአንድ ፌስታል!

መርማሪዋ፦ በሚሊግራም ነው፤ ቀለበት አይወጣውም። ውዱ ማሽኑ ነው። ደግሞ ሳልረሳ፤ ሱፐር ግሉን አለቅጥ አታሙቀው። ከ200 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ሳያናይድ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። መርማሪህን በሌላ መንገድ ግደለው ካልክ አላውቅም።

ደራሲው፦ እሺ፣ አሻራው በሥርዓቱ ወጣ እንበል። የቀረው ጩኸቱ ነው። «ገዳዩ ሾፌሩ ነው» ቢል ምን ነውር አለው? ተመሳስሏል እኮ።

መርማሪዋ፦ ከምን ጋር?

ደራሲው፦ ከሾፌሩ መዝገብ ጋር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያንን የሌሊት ገዳይ እንዳገኙት።

መርማሪዋ፦ ራሚሬዝን? በ1985 የተሰረቀ መኪና ጥሎ ሄደ፤ መኪናው ውስጥ አንድ አሻራ ተገኘ። አዲስ የገባ ኮምፒውተር በጥቂት ደቂቃ ስሙን ሰጣቸው፤ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በማግስቱ የሰፈር ሰው አሳድዶ ያዘው። አሻራውን በእጅ መዝገብ ሲፈልጉት ቢሆን ዓመታት ይፈጅ ነበር። ስሙ ግን መዝገብ ውስጥ የነበረው ቀድሞ በሌላ ጥፋት ተይዞ ስለነበር ነው። ደግሞ የተፈረደበት በዚያ አሻራ ብቻ አይደለም፤ ጥቃቱን ተርፈው የመሰከሩበት ሰዎች ነበሩ፤ ሌላም ብዙ ማስረጃ ነበር። አንተ የምታስታውሰው የኮምፒውተሩን ክፍል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የማስታውሰው ማድሪድን ነው።

ደራሲው፦ የባቡሩን ፍንዳታ?

መርማሪዋ፦ መጋቢት 2004። ከ190 ሰው በላይ ሞተ። ፖሊስ አንድ መኪና ውስጥ ፈንጂ ማቀጣጠያ የነበረበት ሰማያዊ ፌስታል አገኘ፤ ፌስታሉ ላይ አሻራ አወጡ። ምስሉን ለየአገሩ ላኩ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ኮምፒውተር ሃያ ያህል የሚቀራረቡ ሰዎች አወጣ፤ ከእነሱ አንዱ ኦሪገን የሚኖር ጠበቃ ነበር። የአሻራ ባለሙያዎቻቸው እሱ ነው አሉ፤ መቶ በመቶ። ሌሎችም አይተው አጸደቁ። ፍርድ ቤት የመደበለት ገለልተኛ ባለሙያ ሳይቀር «አዎ፣ የሱ ነው» አለ። ስፔኖች ግን ገና በሚያዝያ «እኛ ስናየው አይመሳሰልም» ብለው ጽፈው ነበር። አሜሪካኖቹ ጠበቃውን በግንቦት አሠሩት፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ያኔ ስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አረጋገጡ። ኤፍ ቢ አይ ይቅርታ ጠየቀ፤ መንግሥት በ2006 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለ።

ደራሲው፦ ማውጣቱ ላይ ነው ጥፋቱ?

መርማሪዋ፦ አይደለም እኮ! የሚያስፈራው እሱ ነው። አሻራው ጎዶሎ ቢሆንም በደንብ ወጥቷል፤ ትክክለኛው ባለቤት ሲመጣ ተለይቶበታል። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተር የሚያመጣልህ ከሚሊዮን ሰው ውስጥ በጣም የሚቀራረበውን ነው። መዝገቡ በሰፋ ቁጥር፣ እሱ ሳይሆን እሱን የሚመስል ባዕድ የማግኘት ዕድሉም ይሰፋል። ባለሙያዎቹ የጠበቃውን ጥርት ያለ አሻራ አንዴ ካዩ በኋላ ደብዛዛው ውስጥ እሱን ማየት ጀመሩ፤ ያልነበረ መስመር አዩ፣ የማይገጥመውን «ፌስታሉ ተጨማዶ ነው» ብለው አለፉት። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የውስጥ ተቆጣጣሪ በኋላ መርምሮ ይህንን ጽፎታል።

ደራሲው፦ የነጥብ ቁጥር አለ አይደል? ስንት ነጥብ ከገጠመ ነው...

መርማሪዋ፦ እንግሊዝ 16 ትል ነበር፤ በ2001 ተወችው። ሌሎች አገሮች 12 ይላሉ። ቁጥሩ ሰነፍን ይቆጣጠር ይሆናል፤ የሚያምንበትን አስቀድሞ የወሰነ ባለሙያ ግን ነጥብ አይቸግረውም። እኔ ስሠራ ደብዛዛውን ብቻዬን አጥንቼ፣ ያየሁትን ሁሉ በጽሑፍ አስፍሬ፣ ከዚያ በኋላ ነበር የተጠርጣሪውን ካርድ የምከፍተው። መርማሪ ፖሊስ መጥቶ «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ አምኗል» ሲለኝ በሩን እዘጋበት ነበር።

ደራሲው፦ እንግዲያው የኔ ሾፌር... መመሳሰሉ እውነት ቢሆንስ? ብርጭቆው ላይ የሱ አሻራ ነው እንበል፤ ያለ ስህተት።

መርማሪዋ፦ ሾፌሩ የነጋዴው ቤት አይገባም?

ደራሲው፦ ይገባል። ምሳም እዚያ ይበላል። ክፍል ሁለት ላይ።

መርማሪዋ፦ እና ብርጭቆ ቢነካ ምን ይገርማል? ያልነካው ብርጭቆ ቢኖር ነው የሚገርመኝ። አዮዲንም በለው፣ ሱፐር ግሉ፣ ወርቅ፣ «ይህ ጣት ይህን ነክቷል» ብቻ ነው የሚልልህ። መቼ እንደነካ የሚነግርህ ጭስ የለም። ሰዎች ለዓመታት ሞክረዋል፤ የቅባቱን መለወጥ እየለኩ ዕድሜውን ለማወቅ። ፍርድ ቤት ላይ ልቆምበት የምችል ነገር ግን እስካሁን አላየሁም። ትናንት ምሳ ላይ ይሁን ወይም የግድያው ሌሊት፣ ብርጭቆው አይለይም። ነጭ ሆኖ መውጣቱን ብቻ ይዘህ ብትቆም ጎበዝ ጠበቃ በአንድ ጥያቄ ያፈርስሃል።

ደራሲው፦ ድራማው ፈረሰ በሉኛ።

መርማሪዋ፦ ብርጭቆው ነው የፈረሰው። ሌላ ዕቃ ፈልግ፤ ሾፌሩ ሊነካው ምክንያት የሌለውን። ነጋዴው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነው የተገደለው አይደል? ገዳዩ ባትሪ ይዞ ነበር፤ ጥሎት ሸሸ በል። ከላይ ተወልውሏል፤ ጓንትም ለብሷል። ትከፍተዋለህ፤ ውስጡ ያሉትን ድንጋዮች ታወጣለህ። ድንጋይ ሲከት ጓንት የሚለብስ የለም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ በባዶ እጁ ነው የከተተው። እነሱን አጥን። ሾፌሩ «ባትሪውን አይቼው አላውቅም» ካለ በኋላ ይሁን እንጂ፤ አስቀድመው ያስክዱት።

ደራሲው፦ እትዬ፣ ይሄ ከብርጭቆው ይበልጣል!

መርማሪዋ፦ የቆየ ነገር ነው፤ ሌቦችም ያውቁታል። ወይም ሽጉጥ ከሆነ የምታስበው ቀለሁን አስብ። ጥይት ሲጎርስ በአውራ ጣት ይገፋል፤ ሲተኮስ ግን በሙቀቱና በግጭቱ አሻራው ይጎዳል። ከቀለህ አሻራ ማውጣት ሁሌም ምጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ዳይሰልፈር ዳይናይትራይድ የሚባል ትነት አገኙ፤ ብረቱን የነካ ጣት የነበረበት ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይያያዛል፤ የተወለወለ ብረት ላይ እንኳ አንዳንዴ ይወጣል። እሱም ቢሆን ሁሌ አይሳካም። ስክሪፕትህ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢያንስ «ምንም አልወጣም» የሚል ውጤት ይምጣ። እኛ አብዛኛውን ቀን የምንጽፈው ያንን ነው።

ደራሲው፦ አድማጭ እንዴት ይታገሠኛል? በሬዲዮ ምንም አይታይ፤ ምንም ደግሞ አልወጣም!

መርማሪዋ፦ ድምፅ አለህ አይደል? የካቢኔቱ ማራገቢያ ይጮኻል፤ ትንሿ መርማሪ «ትንሽ ይቆይ» ትላለች፤ ትልቋ «አጥፊው» ትላለች፤ «ገና ነው እኮ!»፤ «አጥፊው አልኩሽ!»። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ደራሲው፦ ትልቋ መርማሪ ማን ናት? የኔ ሰው ወንድ ነበር።

መርማሪዋ፦ ወንዱን ከብርጭቆው ጋር መልሰው። ደግሞ ሾፌሩ ባትሪውን አበድሬው ነው ቢል ምን እንደምትመልስለት አሁኑኑ አስብ። ለማን አበደረ? መቼ? የተበደረው ሰው ክፍል አራት ላይ የጠፋው የወንድሙ ልጅ ሊሆን ይችላል። እሱ ድንጋይ አልቀየረም ማለት ነው።

ደራሲው፦ ታዲያ ገዳዩ ሾፌሩ አይደለም?

መርማሪዋ፦ እኔ ምን አውቄ! ሪፖርቴ ላይ የምጽፍልህ «በሁለቱ ድንጋዮች ላይ የተገኘው አሻራ የሾፌሩ የቀኝ አውራ ጣት ነው» ብቻ ነው። ሌላውን ለዳኛው ጻፍ። ትልቋን መርማሪ ስትጽፍ ግን ያለ ጓንት ካቢኔቱን እንዳታስከፍታት።